ከዐሥራ ሦስት ፊት ስለ ተነቀለችው አንድ

ፖካራ፥ ፑሽ ወር አንድ ቀን

ለክቡር ሚስተር ሄንድሪክ ቫልሞን
የኦርሊንድ ኩባንያ የኔፓል ቅርንጫፍ ዋና ሥራ አስኪያጅ

ክቡር ሆይ፥

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ የተሟላ፥ እንቅልፍዎ ያልተቋረጠ፥ ወላጆችዎም በሕይወት ያሉ እንዲሆኑ ከልብ እመኛለሁ። የመጨረሻውን ምኞት የጨመርሁት ለወግ አይደለም። በኩባንያዎ የሠራተኞች መመሪያ መሠረት ወላጁ የሞተበት ሰው እንዲያዝን የሚፈቀድለት ሦስት ቀን ብቻ ስለ ሆነ፥ ክቡርነትዎ በዚያ ጠባብ ጊዜ እንዲጣደፉ ስለማልሻ ነው።

ብዕሬን ያነሣሁበት ምክንያት አንድ ነው። ጎረቤቴና የቀድሞ ተማሪዬ የሆነችውን ወይዘሪት ጃሙና ካፍሌን የአባቷን የሐዘን ሥርዓት በመካከል ያስቋረጣት ኩባንያዎ መሆኑን የሚናገር አንድ ዓረፍተ ነገር፥ በፊርማዎና በማኅተምዎ አጽንተው እንዲሰጡን ለመጠየቅ ነው። ገንዘብ አልጠይቅም፤ ይቅርታም አልጠይቅም። ሦስት ደብዳቤዎች በተራ ጽፌ በእጄ አስገብቼ መልስ ስላጣሁ፥ ይህ አራተኛው በከተማችን ጋዜጣ ላይ እንዲወጣና በሰፈራችን የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ አድርጌአለሁ። ምናልባት ክቡርነትዎ የሚያነቡት ሌላው ሰው አስቀድሞ ያነበበውን ብቻ እንደ ሆነ ብዬ ነው።

ራሴን ላስተዋውቅ። ቶያናት ሬግሚ እባላለሁ፤ ዕድሜዬ ሰባ ሰባት ነው፤ በዚሁ በባግር ሰፈር ትምህርት ቤት ሠላሳ ስምንት ዓመት ሰዋስው አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ተማሪዎቼ እስከ ዛሬ «ጉሩ» እያሉ ነው የሚጠሩኝ፤ ከእነርሱም መካከል ከቀይ ብዕሬ ያመለጠ የለም። ስለዚህ ከዚህ በታች እርማት ቢበዛብዎ እንደ ግል ጥላቻ እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። ለገዛ ልጆቼም እንዲሁ ነበርሁ፤ አሁን በዓመት አንድ ጊዜ ነው የሚጽፉልኝ፤ እርሱንም ሦስት ጊዜ አርመው።

ኩባንያዎ ወደ ከተማችን በመጣ ጊዜ ደስ ካላቸው ሰዎች አንዱ ነበርሁ። ሥራችሁ ምን እንደ ሆነ ስጠይቅ፥ በባሕር ማዶ ሆቴሎች ያደሩ እንግዶች የሚጽፉትን ቅሬታ እያነበቡ በሆቴሎቹ ስም በጨዋ ቋንቋ ይቅርታ መጠየቅ ነው ተባልሁ። በጨዋ ቋንቋ የሚኖር ሰው ይህን ሲሰማ እንዴት ደስ አይለው? በዋናው በራችሁም ላይ «ማንኛውም ቅሬታ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ መልስ ያገኛል» የሚል ቃል በወርቃማ ፊደል ተጽፏል። የመጀመሪያ ደብዳቤዬን ካስገባሁ ዛሬ ዐሥራ ስምንተኛ ቀኔ ነው። የሰዓት አቆጣጠራችሁ እንደ ቀን አቆጣጠራችሁ ከሆነ ግን የእኔ ሃያ አራት ሰዓት ገና እንዳልሞላ ይገባኛል።

ጃሙና በዚህ ቤት አራት ዓመት ሠርታለች። ፎጣው ረጠበብኝ ላለ፥ ወፍ ቀሰቀሰኝ ላለ፥ ባሕሩ በመስኮቴ ሲታይ ጠበበብኝ ላለ ሰው ሁሉ በቀን እስከ ሰማንያ ይቅርታ ትጽፍ ነበር። አንድም ቀን ባለቤትን ከግሡ አላጣላችም። ይህን በእርግጠኝነት የምናገረው ያስተማርኋት እኔ ስለ ሆንሁ ነው።

አባቷ ዲልናት ካፍሌ የፖስታ ቤት እግረኛ መልእክተኛ ነበር። መኪና ወደማይደርስባቸው የተራራ መንደሮች የደብዳቤ ከረጢት በጀርባው አዝሎ ሠላሳ አራት ዓመት በእግሩ ተመላልሷል። ማንበብ ለማይችሉት ያነብላቸው፥ መልሱንም ጽፎላቸው ይዞ ይወርድ ነበር። «ጉሩ፥ እኔ እኮ አንድም ደብዳቤ ያለ መልስ ትቼ ወርጄ አላውቅም» ይለኝ ነበር፤ ጉራ ይወድ ነበርና አላምነውም ነበር። አሁን ከክቡርነትዎ ጋር ከተጻጻፍሁ፥ ይቅርታ፥ ለክቡርነትዎ ከጻፍሁ በኋላ፥ ሰውየው ምን ያህል ትልቅ ነገር ሲናገር እንደ ነበር ገብቶኛል። ባለፈው ወር፥ በመንግሲር በሁለተኛው ቀን ማለዳ ዐረፈ። ከጃሙና በቀር ልጅ አልነበረውም።

ክቡርነትዎ በአገራችን ሰው ቀጥረው ስለሚያሠሩ፥ የቀጠሯቸው ሰዎች ወላጃቸው ሲሞት ምን እንደሚያደርጉ አንድ ሰው ሊነግርዎ ይገባ ነበር፤ ማንም ስላልነገረዎ እኔ ልንገርዎ። በእኛ ዘንድ ልጅ አባቱ ሲሞት ማልቀስ ብቻ አይበቃውም፤ ይሠራል። ሟች ለሚሄድበት መንገድ አዲስ አካል ያስፈልገዋል፤ ያንንም አካል ልጁ በየማለዳው ከወንዝ ታጥቦ፥ ከሩዝ በሚያድቦለብለው መሥዋዕት፥ በየቀኑ አንድ አንድ ክፍል ይሠራለታል። በመጀመሪያው ቀን ራሱን፥ በሁለተኛው አንገቱንና ትከሻውን፥ በሦስተኛው ልቡን፥ በአራተኛው ጀርባውን፥ በአምስተኛው እንብርቱን፥ በስድስተኛው ወገቡን፥ በሰባተኛው ጭኑን፥ በስምንተኛው ጉልበቱን፥ በዘጠነኛው እግሩን። በዐሥረኛው ቀን ረኃብና ጥም ይሰጠዋል፤ በቀሩት ሦስት ቀናት ይሸኛል። ሠሪው ያልተሰፋ ነጭ ጨርቅ ለብሶ፥ ጫማ ሳያደርግ፥ ጭድ ላይ እየተኛ፥ በቀን አንድ ጊዜ ጨው የሌለው ሩዝ እየበላ ይሰነብታል፤ ማንንም አይነካም፤ ማንም አይነካውም። የአገራችን የሠራተኛ ሕግ ይህን ስለሚያውቅ፥ ሐዘን ለሚቀመጥ ሠራተኛ ዐሥራ ሦስት ቀን ፈቃድ ይሰጣል። ሕጉ እንደ ምክር የተጻፈ አይደለም፤ ግሡ «ይሰጣል» ነው እንጂ «ቢሰጥ መልካም ነው» አይደለም።

በልማድ የወንድ ልጅ የሆነውን ይህን ሥርዓት ጃሙና ልትቀመጥ በተነሣች ጊዜ የአባቷ ታላቅ ወንድም ሎክናት፥ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ የነበረው፥ በሬሳው ፊት ተቃወመ። «ሴት ልጅ? መካከል ላይ ጥላው ትነሣለች! ያኔ ወንድሜን ማን ይጨርስልኛል?» አለ። እርሷም «ትልቁ አባባ፥ የምጀምረውም እኔ ነኝ፥ የምጨርሰውም እኔ ነኝ» ብላ በሕዝብ ፊት ቃል ሰጠች፤ ሬሳው የሚቃጠልበትንም እሳት በእጇ ለኮሰች። ይህን ቃል እባክዎ በልብዎ ይያዙልኝ፤ ኋላ ይፈለጋል።

አሁን ወደ ቅሬታዎቼ እገባለሁ።

አንደኛ፥ ስለ አኃዟ።

የኩባንያዎ መመሪያ ሃያ ሰባተኛ ገጽ በእጄ ይገኛል። የአገራችን ሕግ አዋቂ ያረቀቀላችሁ ጽሑፍ ስለ ሐዘን ፈቃድ «13 ቀን» ይል ነበር። በኅዳጉ ላይ ከዋናው መሥሪያ ቤት አንድ ሰው «የትየባ ስሕተት መሰለኝ፤ 3 ይሁን» ብሎ ጽፎበታል። ከሥሩ ሌላ ሰው «እስማማለሁ፤ ዐሥራ ሦስት ሊሆን አይችልም» ብሏል። ከዚያም ከፊት የቆመችው አንድ ተነቀለች። ይህን ሁሉ እንዴት ዐወቅህ ቢሉኝ፥ ማስታወሻዎቹን ማጥፋት ስለ ተረሳ ከመመሪያው ጋር አብረው ታትመው ለመቶ ዐርባ ሠራተኞች ታድለዋል። ግልጽነታችሁን ሳላመሰግን አላልፍም።

በሙያዬ ካየኋቸው እርማቶች ሁሉ እንዲህ ያለውን አላየሁም፤ ትክክሉ ታርሞ ስሕተት ሆነ። ክቡር ሆይ፥ እኔም አንድ ጊዜ ይህን አድርጌአለሁ። አንዲት ተማሪ በድርሰቷ ውስጥ የማላውቀውን ቃል ጻፈች፤ አላውቀውምና የለም ብዬ በቀይ ሰረዝሁት። ልጅቷ አልቅሳ ሄደች፤ በማግሥቱ አባቷ ከረጢቱን እንዳዘለ ትምህርት ቤት መጥቶ፥ ቃሉ በተራራ ላይ ተሸካሚዎች ዘንድ ያለ መሆኑንና «ሸክምን ሳያወርዱ ቆሞ ማረፍ» ማለት እንደ ሆነ አስረዳኝ። በክፍሉ ፊት ቆሜ ይቅርታ ጠየቅኋት። ተማሪዋ ጃሙና ነበረች፤ አባትየውም ዲልናት። ከዚያ ቀን ወዲህ የማላውቀውን ነገር ከመሰረዜ በፊት የሚያውቀውን ሰው እጠይቃለሁ። ዋና መሥሪያ ቤታችሁም ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም ነበር። «አባትህ ሲሞት ስንት ቀን ተቀመጥህ?» ብሎ በዚህ በራችሁ ላይ የቆመውን ጥበቃ በስልክ ቢጠይቅ፥ በነጻ ይነግረው ነበር።

ሁለተኛ፥ ስለ ስልኩ።

በአራተኛው ቀን፥ የአባቷ ጀርባ በሚሠራበት ዕለት፥ መቼ ትመለሻለሽ ተብላ ተደወለላት። በስድስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የተደወለውን ግን በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ እርሷ ከጭዷ ላይ አትነሣምና፥ ስልኩን ደጃፉ ላይ ሆኜ የያዝሁላት፥ ድምፁንም ከፍ ያደረግሁት እኔ ነኝ። የደወለው የክፍሏ ኃላፊ የሆነው የእኛው አገር ልጅ ነበር። በታናሽ ወንድም ወግ «ዲዲ»፥ ታላቅ እኅቴ፥ ይላት ነበር፤ እንዲህም ተባባሉ።

«ዲዲ፥ አዝናለሁ። ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ወንበርሽ ላይ ካልተገኘሽ ስምሽ ከመዝገብ ይወጣል። ከስምሽ ጋር ደግሞ የእናትሽ መድን አብሮ ይወጣል።»

«ወንድሜ፥ ዛሬ እኮ ወገቡን ነው የሠራሁት። እንዴት አድርጌ ልነሣ?»

«እኔማ አውቃለሁ ዲዲ! የራሴን አባት ዐሥራ ሦስቱንም ቀን ተቀምጫለሁ። ግን ለአለቃዬ እንዴት አድርጌ ላስረዳው? ‹ሦስት ነው የተጻፈው› ይለኛል።»

«አንተን ታዲያ ማን አስጨረሰህ?»

«ያኔ እዚህ አልተቀጠርኩማ!»

የእናቷን መድን ነገር ላስረዳ። የጃሙና እናት የልብ ቀዶ ሕክምና በዚሁ በፑሽ ወር እንዲደረግላቸው ቀን ተቆርጦላቸው ነበር፤ የሚከፍለውም ኩባንያዎ ለሠራተኛ ቤተሰብ የሚገባው መድን ነበር። ስለዚህ ያን ዕለት ጃሙና የቀረበላት ምርጫ የሥራና የሐዘን አልነበረም፤ የሟች አባቷ እግርና የሕያዊት እናቷ ልብ ነበር። እናትየው ከውስጥ ሆነው ሰምተው ኖሮ «ተዪው ልጄ፤ ልቤ ይቆያል፤ የሰውዬው እግር ይቅደም!» ብለው ጮኹ። ጃሙናም ወደ እኔ ዞራ «ጉሩ፥ ምን ላድርግ?» አለችኝ።

ክቡር ሆይ፥ ሠላሳ ስምንት ዓመት ትእዛዝ አንቀጽ አስተምሬአለሁ። ያን ዕለት አንዲት ትእዛዝ አጣሁ። ሂጂ አላልኋትም፤ ተቀመጪም አላልኋትም። ይህን የምጽፈው ክቡርነትዎን ለመክሰስ ብቻ አለመሆኑን እንዲያውቁልኝ ነው።

በሰባተኛው ቀን ማለዳ ከወንዝ ታጥባ፥ ያን ያልተሰፋ ነጭ ጨርቅ እንደ ለበሰች፥ በባዶ እግሯ፥ የሰው ወንበር እንዳትነካ የጭድ ምንጣፏን በብብቷ ይዛ ወደ ቢሮዎ ሄደች። ካህኑ መጥቶ ባዶ ቤት አገኘ፤ የዚያ ቀን ሩዝ ሳይድቦለቦል ቀረ። እርሷ ከጠረጴዛው ሥር መሬት ላይ ተቀምጣ እስከ ቀትር ሠላሳ አንድ ይቅርታ ጻፈች። ከእነዚህም አንደኛው፥ ጫማው ሳይወለወል ስላደረበት እንግዳ ነበር። በቀትር የደንብ ልብስ አልለበስሽም፥ የሚጎበኙንንም ደንበኞች ታስደነግጫለሽ ተብላ ውጪ ተባለች። ጥበቃው «ይቅር በይኝ ዲዲ፥ ይቅር በይኝ» እያለ ክንዷን ይዞ ከበር አወጣት። በሰባት ቀን ውስጥ የነካት የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነው። ስለዚህ በአንድ ግማሽ ቀን ውስጥ ኩባንያዎ ሐዘንተኛዋን ከሐዘኗ ጠርቶ፥ ሐዘንተኛ ስለ ሆነች መልሶ አባረራት። ለዚህ ዓይነቱ የሥራ ቅልጥፍና ያለኝን አድናቆት የምገልጽበት ቃል በሁለቱም ቋንቋዎቼ አጣሁ።

ዐሥራ ሦስተኛ፥ ስለ ስንብት ደብዳቤው።

ከሁለተኛ ቀጥሎ ሦስተኛ እንደሚመጣ አላጣሁትም። ነገር ግን በኩባንያዎ ዘንድ ሦስትና ዐሥራ ሦስት አንድ ስለ ሆኑ፥ በቤቱ ሕግ መጻፍ ጨዋነት መሰለኝ።

በዘጠነኛው ቀን፥ እግሩ ሊሠራበት ይገባ በነበረው ዕለት፥ ደብዳቤ መጣ። ሙሉ ቃሉ ይህ ነው፦ «ሥራህን በፈቃድህ እንደ ለቀቅህ ተቆጥሯል። ለቀጣዩ ጉዞህ መልካሙን ሁሉ እንመኛለን።» በሁለት ዓረፍተ ነገር ውስጥ አራት ስሕተት አግኝቻለሁ። አንደኛው፥ ጃሙና ሴት ናት፤ «አንተ» አትባልም። ሁለተኛው፥ በቋንቋችን አክብሮት በደረጃ የተከፈለ ነው፤ ደብዳቤውን የተረጎመላችሁ ማሽን የመረጠላት ደረጃ ለውሻና ለጠላት የምንጠቀምበት ነው። ሦስተኛው «በፈቃድህ» የሚለው ነው፤ በዚህ ቃል ላይ የምጨምረው የለኝም። አራተኛው «ተቆጥሯል» ነው። ግሡ ተደራጊ ነው፤ ባለቤት የለውም። ማን ቆጠረው? ሕጋችን ሠራተኛ ከመሰናበቱ በፊት ራሱን የሚያስረዳበት ጊዜ እንዲሰጠው ያዝዛል፤ ጃሙናም ልታስረዳ ብትሄድ፥ የሚያናግራት ባለቤት በዓረፍተ ነገሩ ውስጥም በሕንጻው ውስጥም አልተገኘም።

«ለቀጣዩ ጉዞህ» የሚለውን ግን ስሕተት አላልሁትም። «አንተ» ማለታችሁ ሟቹን ከሆነ፥ እርሱ በእውነት ጉዞ ላይ ሊሆን ይገባው ነበር። አልሆነም እንጂ።

ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ የደረሰውን በአጭሩ ልግለጽ። ሎክናት በመንደሩ ሁሉ ፊት በሯ ላይ ቆሞ «እሳቱን ስትለኩሺ ወንድ ልጅ ነኝ አልሽ፤ ቢሮ ሲጠራሽ ሴት ልጅ ሆንሽ! እኔ ምን ብዬ ነበር?» አላት። የሰጠችውን ቃል እንዲይዙልኝ ለምኜ ነበር፤ እርሱም ይዞታል። በውኃ ቧንቧው ሰልፍ ላይ አንዷ ሴት «ሰማሽ? አባቷን እስከ ወገቡ ሠርታ ሥራ ገባች» ስትል፥ ሌላዋ «ተመስገን ነው፤ አንገቱ ላይ ቢደውሉላትስ ኖሮ!» አለች። ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። እኔም ባልዲዬን ይዤ ቆሜ ነበር። በሰዋስው ረገድ የሚታረም ስላላገኘሁበት ባልዲዬን ሞልቼ ወደ ቤቴ ሄድሁ።

ጃሙና ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቤት አልወጣችም። ዛሬ አባቷ ከሞተ ሃያ ዘጠነኛ ቀኑ ነው፤ አሁንም ጭድ ላይ ትተኛለች፤ ጨው አልቀመሰችም፤ ሰው አትነካም። ሥርዓቱን እንዳትጨርስ ተከልክላለች፤ ሳትጨርስ መውጣትም አልቻለችም። እናቷ ራት ሲያቀርቡላት ሳሕኑን መሬት ላይ አኑረው ወደ ኋላ ይመለሳሉ። ያ ከአባቷ የወረሰችው ቃል፥ ሸክምን ሳያወርዱ ቆሞ ማረፍ፥ እንኳ ለዚህ አይሆንም፤ ማረፉ የለበትምና።

አንድ መንገድ ግን ቀርቷል። ካህኑን ጠየቅሁት፤ እንዲህ አለኝ፦ «ጉሩ፥ ትታው ከሆነ በደል ነው፤ ለዚህ መድኃኒት የለኝም። አስትተዋት ከሆነ ግን መከራ ነው፤ ለመከራ ንስሓ አለ። ከዐርባ አምስተኛው ቀን በፊት አካሉ የሚሠራባቸውን የቀሩትን አራት ቀናት ትቀመጥ፤ የሦስቱ ቀናት ሽኝት በዐርባ አምስተኛው ቀን በአንድነት ይፈጸማል፤ ሰውዬው ይቆምላታል።» ነገር ግን ያለ ዘመድ ፈቃድ ካህኑ አይጀምርም፤ ፈቃዱም በሎክናት እጅ ነው። ሎክናት ደግሞ ሠላሳ ዓመት ማኅተም ሲመታ የኖረ ሰው ነው። እኔ የዓይን ምስክር ነኝ ብዬ ብቀርብ «አንተ አስተማሪዋ ነህ፤ ታዝንላታለህ። አስገድዷት ከሆነ ኩባንያው ይጻፍ። ማኅተም የሌለው ቃል ነፋስ ነው፥ ጉሩ» ብሎ መለሰኝ። እውነቱን ለመናገር የስንብት ደብዳቤያችሁን አይቶ ነው የጨከነው። በማኅተም የተጻፈው «በፈቃድህ» ነውና።

ስለ ሥራዋና ስለ እናቷ መድን ለሥራ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት አቤቱታ ገብቷል። ሕጉ በራሱ እግር፥ በራሱ ጊዜ ይደርሳል፤ ያን ለእርሱ እተዋለሁ። ዲልናት ግን እግር የለውም፤ ቀኑም ተቆጥሯል። ይህኛውን «ተቆጥሯል» ማን እንደ ቆጠረው ዐውቃለሁ።

ስለዚህ የምጠይቀውን ዓረፍተ ነገር፥ ጊዜዎን ለመቆጠብ፥ ራሴ አዘጋጅቼልዎታለሁ፦

«ጃሙና ካፍሌ የአባቷን የሐዘን ሥርዓት አላቋረጠችም፤ እኛ አስቋረጥናት።»

ልዩነቱን ልብ ይበሉልኝ። «አቋረጠች» አድራጊ ግሥ ነው፤ ባለቤቱ እርሷ ናት፥ በደሉም የእርሷ ነው። «አስቋረጥናት» አስደራጊ ግሥ ነው፤ ባለቤቱ እናንተ ናችሁ። በሁለቱ ግሦች መካከል ያለችው «ስ» የምትባል አንዲት ፊደል ናት። ኩባንያዎ ከሕጋችን ላይ አንዲት አኃዝ ነቅሏል፤ በምትኳ አንዲት ፊደል እንዲሰጠን እንጠይቃለን። ከዚህ የቀለለ ካሣ የተጠየቀ የውጭ ኩባንያ በዚህ አገር ያለ አይመስለኝም።

የቀሩት አራት ቀናት ከፑሽ ዐሥራ ሦስት እስከ ዐሥራ ስድስት ናቸው፤ ዐሥራ ሰባት ዐርባ አምስተኛው ቀን ነው፥ ከዚያ ወዲያ በሩ ይዘጋል። ስለዚህ የጽሑፍ መልስዎ፥ ተፈርሞና ታትሞ፥ እስከ ፑሽ ዐሥራ ሁለት ቀን፥ ከቀኑ ዐሥራ አንድ ሰዓት በፊት በእጄ እንዲገባ በትሕትና እጠይቃለሁ። ቀኑን በአኃዝ ሳይሆን በፊደል የጻፍሁት ሆን ብዬ ነው።

በክቡርነትዎ ጨዋነት ላይ ያለኝን ተስፋ እስከ ዛሬ በገዛ ፈቃዴ ያላቋረጥሁ፥ እስከ ተጠቀሰውም ቀን ድረስ እንዳያስቋርጡኝ የምማጸን፥ ለባሕር ማዶ ሆቴሎች እርጥብ ፎጣዎች ሁሉ የልብ ሐዘኔን የምገልጽ፥

ቶያናት ሬግሚ
ጡረተኛ የሰዋስው መምህር፥ ባግር፥ ፖካራ

ግልባጭ፦
ለሥራ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት፤
ለአቶ ሎክናት ካፍሌ፥ ማኅተም ስለ ሌለው እንደማያነቡት እያወቅሁ።

ማስታወሻ፦ በዐሥራ ሦስተኛው ቀን ለሟች መንገድ ከሚሰጡት ነገሮች መካከል አዲስ ጫማ አንዱ ነው። ጃሙና አባቷ በሞተ በማግሥቱ ሰው ልካ ያስገዛችው የሸራ ጫማ እስከ ዛሬ በደጃፏ ተቀምጦ ይገኛል፤ ማለዳ ማለዳ አቧራውን የምታራግፈው ይመስለኛል፤ ንጹሕ ነውና። መልሱን ለመጻፍ ብዕር ሲያነሡ፥ ወይም ሳያነሡ ሲቀሩ፥ ጫማው ማንን እንደሚጠብቅ እንዲያስቡልኝ ስል ልለካው ሄድሁ። ቁጥሩ 41 ነው። የትየባ ስሕተት አይደለም።